መግቢያው ሲዘጋብን ጣት ከመቀሰራችን በፊት

(ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ሰዓት በመስጂድ ለተሰበሰበው ጀመዓ በአንድ የመድረሳ ኡስታዝ የቀረበ ንግግር)

  

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ርዕስ ለመስጂድ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ኢሜይል ነው። ኢሜይላችን ታግዶብን አካውንታችን ውስጥ መግባት ሲያቅተን ምን እናድርግ የሚል ነው። አንዳንድ አባቶች «ይኼማ የወጣቶች ጉዳይ ነው» ትሉ ይሆናል። አደራችሁን፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ። ይህ ጉዳይ በእኛው መድረሳ አንድ ወንድማችንን ከጀመዓው ሊያሸሽብን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። መድረሳችን የደረሶቹን ስም ዝርዝር፣ የወላጆችን ስልክ፣ የሒፍዝ ክትትሉንና የየቲሞቹን የድጋፍ መዝገብ በአንድ የኢንተርኔት አካውንት ላይ ያስቀምጥ ነበር። አካውንቱን የከፈተልን በትርፍ ሰዓቱ የሚያግዘን አንድ ወጣት ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሠራንበት። ባለፈው ሸዕባን፣ ለረመዷን ድጋፍ የየቲሞቹን ቤት ለመለየት መዝገቡን አጥብቀን በፈለግንበት ሰሞን፣ አንዱ አስተማሪ በአዲስ ስልክ ልግባ ቢል እምቢ አለው። ፓስወርዱን ደግሞ ጻፈ፤ እምቢ አለ። ሌላው ተቀብሎ ሞከረ፤ አሁንም እምቢ አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። እኛ ከዚያ ውስጥ ያነበብነው «አይፈቀድም» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አንዱ «ልጁ ፓስወርዱን ቀይሮብናል» አለ። ሌላው «ለማን አሳልፎ ሰጥቶት ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ሦስተኛው «እኔ ድሮም አላምነውም ነበር» ብሎ ጨመረበት። ከዐሱር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ወሬው ከመድረሳው ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ልጁም ሰምቶ ኖሮ በማግስቱ ለሱብሒ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። እኔ በበኩሌ ክፉ አልተናገርኩም፤ ነገር ግን አልተከራከርኩለትም። ዝም አልኩ። ወንድም በሐሜት ሲበላ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከሐሜተኞቹ እሻላለሁ ሊል አይችልም።

በአራተኛው ቀን ስልኩን ተቀብዬ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ቀዩን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ይህ የኢሜይል ዶሜን አይፈቀድም፤ እባክዎ ሌላ ኢሜይል ይጠቀሙ» ይላል። ስለ ፓስወርድ አንዲትም ቃል የለችበትም። አካውንቱ ተሰርቋል የሚልም የለበትም። አራት ቀን ሙሉ ያማነው ሰው ከነገሩ ጋር የተገናኘበት መንገድ እኛ ካወራነው ፈጽሞ የተለየ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! ወሬ ሲመጣ ማጣራት ግዴታችን መሆኑን ለደረሶቻችን እናስተምራለን። ስልካችን ላይ የሚወጣ ጽሑፍም እንደ ወሬ ነው፤ ተጣርቶ ሊነበብ ይገባል። እስኪ አብረን እናጣራው።

ዶሜን ምንድን ነው? የኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው። መሐል ላይ «አት» የምንላት የተጠቀለለች ምልክት ትቀመጣለች። ለዚህ ሥራ የመረጣት ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልእክት ለመላክ ሲሞክር የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት ተጠቀመባት። ዛሬም ሥራዋ ያው ነው። ከምልክቷ በፊት ያለው የእናንተ ስም ነው፤ ከእሷ በኋላ ያለው ደብዳቤያችሁን የሚቀበልላችሁ ቤት ስም ነው። ጂሜይል ዶት ኮም፣ ያሁ ዶት ኮም፣ አውትሉክ ዶት ኮም የቤት ስሞች ናቸው። መጨረሻቸው ዶት ኢቲ የሆኑት በኢትዮጵያ ስር የተመዘገቡ ናቸው። ዶሜን የሚባለው ይኸው የቤት ስም ነው።

እንግዲህ አንድ ድርጅት ዶሜን አገደ ማለት «ከዚያ ግቢ የመጣ ሰው እዚህ አይገባም» አለ ማለት ነው። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ስምህን አይጠይቅም፤ የያዝከው ቁልፍ ትክክል መሆን አለመሆኑንም አያይም። ከየት ግቢ እንደመጣህ ብቻ አይቶ ይመልስሃል። ለዚህ ነው ፓስወርዱን መቶ ጊዜ ብንጽፈው የማይጠቅመን። እንዲያውም ደጋግሞ መሞከር አንዳንድ ቦታ አካውንቱን ለጊዜው ያስቆልፋል።

የሚታገዱት የትኞቹ ናቸው? በብዛት ጊዜያዊ ኢሜይል የሚሰጡት ናቸው። ሜይሊኔተር፣ ጉሬላ ሜይል፣ ቴን ሚኒት ሜይል የሚባሉ አሉ። ያለ ምዝገባና ያለ ስልክ ቁጥር ወዲያው አድራሻ ይሰጣሉ። የመጨረሻው ስሙ እንደሚናገረው አድራሻው የሚቆየው 10 ደቂቃ ነው፤ ካላራዘሙት ይጠፋል። በሜይሊኔተር ለሕዝብ ክፍት የሆነው የደብዳቤ ሣጥን ደግሞ ቁልፍ የለውም። የሣጥኑን ስም የጻፈ ሁሉ የገባውን ደብዳቤ ማንበብ ይችላል። ልብ በሉ! አንድ ሰው ፓስወርድ ሲጠፋበት የመቀየሪያው ኮድ የሚላከው ወደ ኢሜይሉ ነው። የየቲሞችን መዝገብ በእንዲህ ዓይነት አድራሻ መክፈት ማለት የቤትን ቁልፍ መንገድ ዳር ሰቅሎ እንደ መሄድ ነው።

አንድ አጭበርባሪ በእነዚህ አድራሻዎች በአንድ ቀን መቶ አካውንት ሊከፍት ይችላል። ድርጅቶች ይህን ለመከላከል የጊዜያዊ ኢሜይል ዶሜኖችን ዝርዝር ይይዛሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞች ያሉባቸው እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ይገኛሉ፤ በየጊዜውም አዳዲስ ስም ይጨመርባቸዋል። ትናንት የተቀበሉትን አድራሻ ዛሬ የሚመልሱት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ልጁን ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። «ኡስታዝ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ስሙን መጻፍ ይፈራ ነበር። በራሴ ኢሜይል ብከፍተው የግሌ ንብረት ይመስላል ብዬ ሰጋሁ። መድረሳው ደግሞ የራሱ ኢሜይል አልነበረውም። ለጊዜው ብዬ ያደረግኩት ነው፤ ከዚያ ተረሳ» አለኝ። ክህደት አልነበረም። ለጊዜው የተባለ ነገር ሳይስተካከል ዓመታት አለፉበት፤ ያላስተካከልነው ደግሞ ሁላችንም ነን።

ቀጥሎ «የድሮው የመድረሳው ስልክ የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መስታወቱ ተሰንጥቆ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ቻርጅ አደረግነው። አካውንቱ እዚያ ላይ እንደተከፈተ ቆይቷል። ልጁ ወደ ማስተካከያው ገብቶ ፓስወርዱን ጻፈ። ሁላችንም የምናውቀው ያው የድሮው ፓስወርድ ነበር! አዲስ የከፈትነውን ኢሜይል አስገባ፣ ማረጋገጫ ኮዱ መጣ፣ ተቀየረ። የአራት ቀን ሐሜት በጥቂት ደቂቃ ሥራ ተፈታ። መዝገቡ ተመለሰልን። የልጁ ልብ ግን እንደ መዝገቡ ቶሎ አልተመለሰም። ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን አውፍ በለን ብለነዋል። ዛሬ እዚህ መሐላችሁ ተቀምጧል፤ ይህን እንድናገርም ፈቅዶልኛል። አላህ ይዘንለት።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። አካውንት አልገባም ሲላችሁ መጀመሪያ የወጣውን ጽሑፍ አንብቡ። እንግሊዝኛ ካልቻላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብላችሁ አሳዩ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ነው።

አንደኛ፣ «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ካለ ችግሩ ፓስወርዱ ነው። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጭናችሁ ቀይሩ።

ሁለተኛ፣ «ይህ ኢሜይል» ወይም «ይህ ዶሜን አይፈቀድም» ካለ ፓስወርዱን ተዉት። አስቀድማችሁ ፊደሉን ተመልከቱ። ጂሜይል ብሎ ለመጻፍ አንዲት ፊደል የዘለለ፣ ኮም በማለት ፈንታ ኮን ብሎ የጻፈ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ የተወ ብዙ ሰው አለ። ፊደሉ ልክ ከሆነ የታገደው ዶሜኑ ነው። ያን ጊዜ አካውንቱ የተከፈተበት ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ፈልጉ። ካገኛችሁት ከዚያ ላይ በፍጹም አትውጡ፤ እዚያው ሆናችሁ ኢሜይሉን ወደ ቋሚ አድራሻ ቀይሩ። ከሌለ ለድርጅቱ የእርዳታ ክፍል ጻፉ። የአካውንቱን ስም፣ በግምት የተከፈተበትን ጊዜ፣ የድሮውን ኢሜይል፣ አዲሱን ኢሜይል፣ የወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አያይዙ። ፓስወርዳችሁን ግን ለማንም አትጻፉ። አንዱ ጊዜያዊ አድራሻ ስለታገደ በሌላ ጊዜያዊ አድራሻ ለማለፍ መሞከርም ትርፉ ድካም ነው፤ ነገ እሱም ይታገዳል።

ሦስተኛ፣ «ኮድ ልከናል» ብሎ ኮዱ ካልመጣ ችግሩ በመንገድ ላይ ነው። ስፓም የሚባለውን ሣጥን እዩ። ሣጥናችሁ ሞልቶም ሊሆን ይችላል። ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱም ከፎቶዎቻችሁና ከሌሎች ፋይሎቻችሁ ጋር የጋራ ነው። ከሞላ ደብዳቤ አይገባም። «እንደገና ላክ» የሚለውን አሥር ጊዜ አትጫኑ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ኮድ ብቻ ስለሆነ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋባችኋል። አድራሻው የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ የውጭ ደብዳቤ በማጣሪያ ሊቀር ይችላልና የቤቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ገጹ ራሱ ጨርሶ ካልተከፈተ ይህ የኢሜይል ጉዳይ አይደለም፤ የመስመር ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2008 በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአገር ደረጃ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያ መስመርን መዝጋት ነው። በሌላ ስልክና በሌላ መስመር ሞክሩት። ሌሎች ድረ ገጾች እየተከፈቱ እሱ ብቻ በሁሉም ቦታ እምቢ ካለ ድርጅቱ ራሱ ተበላሽቶበትም ሊሆን ይችላል።

ይህን ለይቶ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? እኛ በደል ያየን ሕዝብ ነን። በደል ያየ ሰው በር ሲዘጋበት ሁሉ «ሆን ብለው ዘጉብኝ» ማለት ይቀናዋል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አንዳንዴ ግን በሩን የዘጋነው ራሳችን ነን። ያልተጣራውን እንደተጣራ አድርገን ከጮህን እውነተኛው ቅሬታችን ሲመጣ የሚያምነን እናጣለን።

እዚህ ላይ ፍትሕ የሚጠይቅ ነገርም አለ፤ አልደብቀውም። ዶሜንን ማገድ በጅምላ መቅጣት ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ አሥር አጭበርባሪ ስለተገኘ አጭበርብሮ የማያውቀውም ተመላሽ ይሆናል። ድርጅቶች ራሳቸውን መከላከላቸው መብታቸው ነው። ነገር ግን ቀድሞ የተቀበሉትን ሰው ሳያስጠነቅቁና ኢሜይሉን የሚቀይርበት መንገድ ሳይሰጡ መዝጋታቸው ልክ አይደለም። እንዲህ ሲገጥማችሁ በስድብ አትጻፉ። በጨዋነት፣ በማስረጃና በተከታታይ ጠይቁ። መልስ ባይሰጡ በሳምንቱ ደግማችሁ ጻፉ። መብትን መጠየቅ በኢሜይልም ቢሆን ሰብር ይፈልጋል።

የራሳቸው ዶሜን ያላቸው ወይም ሊያወጡ ያሰቡ መስጂዶችና ማኅበራትም አሉ። ለእናንተ አንድ ምክር አለኝ። ዶሜን በየጊዜው ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። የገዛው ሰው ደግሞ ወደ እናንተ የሚመጡትን ኮዶች ሁሉ ይቀበላል። ከዚህም ሌላ ዶሜናችሁ በተጠርጣሪ ዝርዝር ውስጥ ከገባ የምትልኩት ደብዳቤ ሰው ዘንድ አይደርስም። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ከሚያዘጋጁት አንዱ በ1998 እ.ኤ.አ. በለንደን የተጀመረው ስፓምሃውስ ነው። ስማችሁ መግባት አለመግባቱን በገጹ ላይ ማየት፣ ከገባም ጥፋቱን አርማችሁ እንዲነሳላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች የላኪውን ማንነት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ይባላሉ። ዶሜኑን የሚሠራላችሁን ባለሙያ «እነዚህን ሦስቱን አስገብተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐጂ «ኡስታዝ፣ እኔ ኢሜይል የለኝም፤ ይህ እኔን ምን ይመለከተኛል?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ስልክዎን የት ገዙ?» አልኳቸው። ከሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ሲሸጥላቸው ኢሜይል ከፍቶበታል። የማን እንደሆነ፣ ፓስወርዱ ምን እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። ስልኩ ቢበላሽ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ፣ በዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ስልክ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። አባቶችና እናቶች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጆቻችሁን «ስልኬ ላይ ያለው ኢሜይል የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆችም ተቆጥታችሁ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው።

የጀመዓው አካውንት አማና ነው። ከእንግዲህ በመድረሳችን የወሰንነውን ልንገራችሁ፤ ሌሎችም መድረሳዎች ብትይዙት ይጠቅማችኋል። በጊዜያዊ ኢሜይል፣ በግለሰብ ኢሜይል ወይም በአንድ ሰው መሥሪያ ቤት ኢሜይል የጋራ አካውንት አንከፍትም። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ኢሜይሉም ይዘጋልና። ለመድረሳው ብቻ የሚሆን ቋሚ ኢሜይል ከፍተናል። ሁለት አማና ያዢዎች አሉት፤ አንዱ ከወንዶች፣ አንዷ ከእህቶች። መመለሻ የሚሆን ሁለተኛ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር አስመዝግበናል። ጉግል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላደረገ ሰው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው። እነሱን በወረቀት ጽፈን ከመድረሳው ሰነዶች ጋር በፖስታ አሽገን አስቀምጠናል። የኃላፊነት ርክክብ ሲደረግ ቁልፍና ማኅተም እንደሚረከቡት ሁሉ ይህም በፊርማ ይረከባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያልተጎበኘ ኢሜይልም ይዘጋል። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተን የግለሰብ አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ያሁ ዘንድ ገደቡ 12 ወር ነው። ስለዚህ ቢያንስ በየሦስት ወሩ እየገባን እናየዋለን። «ኮዱን ላክልኝና እኔ ላስከፍትልህ» የሚል ሰው ቢደውልላችሁ ደግሞ ስልኩን ዝጉት። ኮድ ለደዋይ አይነገርም፤ የቱንም ያህል ምላሱ ቢጣፍጥ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። መግቢያው ሲዘጋባችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ያልተነበበ ጽሑፍ ይዛችሁ ሰው ላይ ጣት አትቀስሩ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ቁልፉን አስተካክሉ። ዛሬ ማታ የመስጂዳችሁ፣ የመድረሳችሁ፣ የዕድራችሁ አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቁ። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ገና ሳይዘጋባችሁ በፊት፣ አካውንቱ በተከፈተበት ስልክ ላይ ሆናችሁ ቀይሩት።

አላህ ምላሳችንን ከሐሜት፣ አማናችንን ከመጥፋት ይጠብቅልን። የተጎዳብንን ወንድም ልቡን ይጠግንልን።